የፊፋ አየር በአየር

ስታዲየም በር ላይ ትኬት በእጥፍ የሚቸበችብ ልጅ ፖሊስ ሲያይ ይሮጣል። ፊፋስ ከማን ይሮጣል?

እ.ኤ.አ. ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ራሱ ትኬት መልሶ የሚሸጥበት ገበያ ከፈተ። ከገዢው 15 በመቶ፣ ከሻጩም 15 በመቶ እንዲቆረጥ ወሰነ። እስቲ እናስላው፤ በ100 ዶላር ለተለጠፈ ትኬት ገዢው 115 ይከፍላል፣ ሻጩ 85 ይደርሰዋል፣ 30ው ለፊፋ! ያውም አንዴ ሸጦ ገንዘቡን በተቀበለበት ወንበር።

በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ በሬ የሸጠ ሰው፣ ያው በሬ ሌላ ቀን ሲሸጥ ተመልሶ መጥቶ “ከገዢም ከሻጭም ልቁረጥ” ቢል ገበያተኛው በሳቅ ይሞት ነበር።

“በመጨረሻው ሰዓት ግዙ፣ ይረክሳል” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጨዋታው ከተጀመረ ትኬቱ ዋጋ ስለሌለው አንዳንድ ሻጭ ይደነግጣል። ግን ይህ ስታዲየሙ አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ፣ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ወደ አትላንታ ወይም ዳላስ ለሚሄድ ወገናችን ግን ቁማር ነው።

ሜክሲኮ ውስጥ ለሚደረጉ ጨዋታዎች የአገሩ ነዋሪዎች ከተገዛበት ዋጋ ሳያልፉ ትኬት የሚለዋወጡበት አሠራር ተዘጋጅቷል። እንግዲህ ይቻላል ማለት ነው! ለሌላው ያልተደረገው የ30ዋ ዶላር ነገር ሆኖ ነው።