«ፖምፓው ነው» ከማለታችን በፊት

«መንገድ ላይ እየጠፋ አስቸገረኝ» የተባለ አሮጌ አይሱዙ ጋራዥ ሲገባ ጋቢናው ገና ሳይነሳ ብይኑ ይሰጣል፤ «ፖምፓው ነው» ይባላል። ባለንብረቱም አይከራከርም። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ ውድ ዕቃ ስለሆነ ከባድ ችግር ከእሱ ቢመጣ አይገርመውም። ፖምፓው ይፈታል፣ በጆንያ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይላካል፣ ተሠርቶ እስኪመለስ መኪናው ያለ ሥራ ይቆማል። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ጤፉ ተጭኖ ጉዞ ሲጀመር ደግሞ ዓባይ በረሃ አቀበቱ ላይ ሞተሩ እንደገና ጸጥ ይላል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነኝ። የምሠራባቸው መኪናዎች አብዛኞቹ እህል፣ ሲሚንቶና ማዳበሪያ የሚያመላልሱ፣ ከብዙ እጅ ወደ ብዙ እጅ የዞሩ ናቸው። ባለቤቶቻቸው ባለጸጋ አይደሉም። ብዙዎቹ ራሳቸው ይነዳሉ፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩትም በዚያችው መኪና ነው። የእነዚህ ሰዎች ገንዘብ በግምት ሥራ ሲያልቅ ማየት ያመኛል። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፦ ጋራዦቻችን ምርመራን ራሱን የቻለ ሥራ አድርገው ዋጋ ሊያወጡለት፣ ደንበኛም ሊከፍልበት ይገባል።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ ሲጨመቅ ከሚፈጠረው ሙቀት የተነሳ ናፍጣው ራሱ ይቀጣጠላል። ፖምፓቸው ሜካኒካል የሆነ የድሮ ሞተሮች ደግሞ ኮምፒውተርም የላቸውም፤ በጉዞ ላይ ሊያጠፋቸው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። አየር ያጠረው ሞተር ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ይደክማል። ማጥፊያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ሽቦው ሲላላ ሞተሩ እንደ መብራት በአንዴ ድርግም ይላል። ጉልበቱ እየከዳው እየከዳው፣ ጭስ ሳያወጣ የሚጠፋ ሞተር ግን ናፍጣ አልደረሰውም። ናፍጣ ደግሞ ፖምፓው ከመድረሱ በፊት ረጅም መንገድ አለው፦ ሰልባትዮ (የናፍጣው ማጠራቀሚያ)፣ መሳቢያ ቧንቧ፣ ወንፊት፣ የጎማ ቱቦ፣ ማስተላለፊያ ፖምፓ፣ ፊልትሮ። ይህ ሁሉ ርካሽ ዕቃ ነው። ምርመራም ከዚህ መጀመር አለበት።

በዚህ ክረምት አንድ አዛውንት ባለንብረት ያመጡት አይሱዙ ነገሩን በደንብ ያሳያል። ሌላ ጋራዥ ፖምፓውን አሠርቶላቸዋል፣ ኢንጄክተሮቹንም አስለውጧቸዋል፤ ሞተሩ ግን መጥፋቱን አልተወም።

«ጋሼ፣ ሲጠፋ ጭስ ነበረው?» አልኳቸው።

«የለውም ልጄ። እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ዝም ነው።»

«ባዶውን ሲሄዱስ?»

«ባዶውንማ ምን ይሆናል? ጤፍ ጭኜ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ ነው። ረዳቱ ድንጋይ ያስገባል፣ ትንሽ አረፍ እንላለን፣ ከዚያ ቁልፉን ሳዞረው ምንም እንዳልነካው ሰው ይነሳል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትናገራለች። የተበላ ፖምፓ አርፎ አይድንም። ሞቆ የሚደክም ፖምፓ አለ፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሙቅ እያለ አልነሳም እያለ ያስቸግራል፣ ባዶ ሲሄድም ይታወቃል። ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚጠፋና ትንሽ ቆይቶ በቀላሉ የሚነሳ ሞተር መንገዱ ላይ የሚያንቀው ነገር አለ። አቀበት ላይ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ይፈልጋል፣ ስለዚህ አጥብቆ ይስባል፤ ስበቱ ሲጠነክር የሚዘጋ፣ ሲላላ የሚከፈት ነገር መፈለግ ነው።

መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳን አየሁ። መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ ሰልባትዮው ውስጥ አየር ይጎድልና ናፍጣው አልመጣ ይላል፤ ክዳኑ ሲላላ ፉጨት ይሰማል። የእሳቸው ደህና ነበር። ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ የሞላ ጀሪካን ከጋቢናው ኋላ አጥብቄ አሰርኩና በአዲስ አጭር ቱቦ በቀጥታ ከማስተላለፊያ ፖምፓው ጋር አገናኘሁት፤ የመመለሻውንም መስመር ወደ ጀሪካኑ አዞርኩ። እንደተጫነ አቀበት አወጣነው። አልደከመም፣ አልጠፋም። ፖምፓው፣ ኢንጄክተሩ፣ ማስተላለፊያውና ፊልትሮው በአንድ ጊዜ ከጥርጣሬ ነጻ ወጡ፤ ጥፋቱ ከሰልባትዮው እስከ ማስተላለፊያው ድረስ ካለው መስመር ላይ ነው ማለት ነው።

መሳቢያ ቧንቧውንና ወንፊቱን አውጥተን አየን፤ ንጹሕ ናቸው። የቀረው የጎማው ቱቦ ነው። ከውጭ ሲታይ እንከን የለውም፤ ጥቁር፣ ያልተሰነጠቀ፣ ናፍጣ ያላላበው። በምላጭ ለሁለት ስሰነጥቀው የውስጡ ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ አንድ ጎኑ ብቻ ተያይዞ ቀርቷል። ሞተሩ ሲስብ ልጣጩ ይነሳና መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ስበቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይተኛል። አዛውንቱ ቁራጩን በጣታቸው እየገለጡ ለረጅም ጊዜ አዩት። እኔም ቱቦውን አልጣልኩትም፤ ሙያውን ለሚለማመዱት ልጆች ማስተማሪያ እንዲሆን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ከዚህ ጋር ሁሌ የሚምታታ ሌላ ጥፋት አለ፤ በስበቱ መስመር በኩል የሚገባ አየር። ሰው ቱቦውን በጨርቅ ጠርጎ «አያፈስም» ይላል። አዎ፣ አያፈስም። በዚያ በኩል ሞተሩ ስለሚስብ በቀዳዳው ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ነው የሚገባው። በተሰነጠቀ ስትሮ ለስላሳ ለመጠጣት የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። ምልክቱ ጠዋት ላይ ይታያል፤ ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ይወርዳልና በእጅ ፖምፓ ካልተሞላ አይነሳም። ለማረጋገጥ ከፊልትሮው በፊት ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቶ ሞተሩን ማስነሳት በቂ ነው። አረፋ ካለፈ አየር አለ። ከዚያ ከኋላ ጀምሮ መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የላላ የቱቦ ማሰሪያ ወይም ደጋግሞ ተፈቶ የታሰረ የመዳብ ሮንዴላ ነው። ሮንዴላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ እንደገና ሲታሰር በደንብ ላይገጥም ይችላል፤ በአዲስ መለወጥ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ፖምፓው ይፈታል? መካኒክ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ክፍያችን ራሱ ወደዚያ ይገፋናል። ደንበኛው ለተለወጠ ዕቃ ይከፍላል፤ ለማሰብ አይከፍልም። ግማሽ ቀን ፈልጌ አንድ ክንድ ቱቦ ብለውጥ «ለዚህች ነው ይሄን ያህል የምትጠይቀኝ?» ይለኛል። ፖምፓ ፈትቼ ብልክ ግን ሳይከራከር ይከፍላል፤ ከዕቃ ሻጩም ድርሻ የሚያገኝ መካኒክ አለ። ይህ ሐቅ ነው፤ በሙያው ውስጥ ያለን ሰዎች ልንደብቀው አይገባም። በዚያ ላይ ፖምፓ ያለ ምክንያት መከፈት የለበትም። ውስጡ ያሉት ክፍሎች የሚገጥሙት በሚሊሜትር ሺኛ በሚቆጠር ክፍተት ነው፤ አቧራ በሚነፍስበት ግቢ የተከፈተ ጤነኛ ፖምፓ ታሞ ሊመለስ ይችላል።

«መኪናው አርጅቷል፣ ሽጠው» የሚል ምክርም አልቀበልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት አክብዶታል። አዲስ የጭነት መኪና ደግሞ ለእነዚህ ባለንብረቶች የሚታሰብ አይደለም። እነዚህ መኪናዎች ለብዙ ዓመታት እህላችንን ይጭናሉ፤ በደንብ መጠገናቸው የሁላችንም ጉዳይ ነው።

የሕይወትም ጉዳይ ነው። በአይሱዙ ላይ ፍሬኑን የሚያግዘው ቫኪዩም ከሞተሩ ነው የሚመጣው። ከደጀን ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሲወረድ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፔዳሉ ይደነድናል፣ ሀይድሮሊክ መሪውም ይከብዳል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ፣ ጥምዝምዙ ብዙ የሆነ መንገድ ነው። አቀበት ላይ ሲጠፋ ደግሞ ረዳቱ ዘሎ ድንጋይ ከጎማው ሥር ማስገባት አለበት። (ረዳቶች ሆይ፣ መኪናው ሲነሳ ድንጋዩን ከአስፋልቱ ላይ አንስታችሁ ሂዱ። ማታ ለሚመጣው ሞተር ሳይክል ያ ድንጋይ ሞት ነው።)

ስለዚህ ባለንብረቶች፣ ጋራዥ ስትገቡ «ምን ይለወጥ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «በምን አወቅክ?» ብላችሁ ጠይቁ። መካኒኩ ፖምፓው ነው ካላችሁ በጀሪካን ሞክሮት እንደሆነ ይንገራችሁ። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፣ ተሰንጥቆም እዩት። መካኒኩ ለምርመራው ዋጋ ሲጠራ ደግሞ አትቆጡ፤ ያ ዋጋ ከአንድ ፖምፓ ሥራ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼም የምለው አለኝ። ልጆቹን መፍታትና ማሰር ብቻ አናስተምራቸው። ቁልፍ ከማቀበላቸው በፊት ሹፌሩን እንዲጠይቁ እናድርግ፦ መቼ ይጠፋል፣ ጭስ አለው፣ ናፍጣውን ከማደያ ነው ወይስ ከመንገድ ዳር ጀሪካን የቀዳው? እኔ ጋ ምርመራ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ይጻፋል፤ ምን እንደተፈተሸና ምን እንደተገኘ ከሥሩ ይሰፍራል። ጥገናውን ሌላ ጋራዥ ማሠራት የሚፈልግ ደንበኛ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይችላል።