አገር ተቀብሎ መልሱን ስለ ነሣ ፊልም

የእንቆቅልሽ ጨዋታ ሕግ አለው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ መልሱ የጠፋው እንደ ሆነ አገር ይሰጣል፤ አገር የተቀበለውም ሰው ፍቺውን የመናገር ግዴታ አለበት። አገሩን ወስዶ ፍቺውን የሚደብቅ ሰው ከጨዋታው ቢባረር የሚያዝንለት አይገኝም። የምሥጢር ታሪክ ጀምረው፣ ተመልካቹን በጥርጣሬና በሥጋት አስረው፣ ምሥጢሩን ሳይፈቱ በሚያሰናብቱት ፊልሞች ላይ የሚቀርበው ክስ ይህንኑ የመሰለ ነው። ተመልካቹ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሏል፤ ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማ ተቀምጧል፤ አገሩን ሰጥቷል። ታዲያ መልሱ የት አለ? ይላሉ ከሳሾቹ። ክሱን በንቀት አንመለከተውም፤ ፍርዱ ግን የተዛባ ነው እንላለን።

ነገሩ የቆየ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1960 ዓ. ም. ኢጣሊያዊው ሚኬላንጄሎ አንቶኒዮኒ «ላቬንቱራ» የተባለውን ፊልሙን በካን የፊልም በዓል ላይ ባቀረበ ጊዜ ከተመልካቹ የተቀበለው ፉጨትና ሣቅ ነበር። አና የምትባል ወጣት ከወዳጆቿ ጋር ወደ አንዲት ድንጋያማ ደሴት በጀልባ ትሄዳለች፤ እዚያም ትጠፋለች፤ ፊልሙ እስኪያልቅ አትገኝም። እጮኛዋና የቅርብ ጓደኛዋ ሊፈልጓት ይወጣሉ፤ ሲፈልጓትም እርስ በርሳቸው ይፋቀራሉ። ያው በዓል በመጨረሻ የዳኞቹን ልዩ ሽልማት ሰጠው። ሽልማት ግን ማስረጃ አይሆንምና በእርሱ አንከራከርም።

ከሁሉ ይልቅ የተከሰሰው አውስትራሊያዊው ፒተር ዊር በ1975 ዓ. ም. ያወጣው «ሽርሽር በሀንጊንግ ሮክ» ነው። በ1900 ዓ. ም. ፌብሩዋሪ 14 ቀን የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ልጃገረዶች በቪክቶሪያ ግዛት ወደሚገኘው ዐለት ለሽርሽር ይሄዳሉ። እኩለ ቀን ላይ ሰዓቶች ይቆማሉ። አራት ልጃገረዶች ወደ ዐለቱ ይወጣሉ፤ አንዲቱ ኤዲት እየጮኸች ትመለሳለች፤ ሌላዪቱ ኢርማ ከቀናት በኋላ በሕይወት ትገኛለች፣ ነገር ግን አንዳች የምታስታውሰው የለም። ሚራንዳና ማሪዮን ከአንዲት መምህርት ጋር እንደ ጠፉ ይቀራሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ራስል ቦይድ በካሜራው መነጽር ላይ የሙሽራ ዐይነ ርግብ ጨርቅ እየጋረደ ብርሃኑን ሕልም አስመስሎታል፤ የሮማኒያዊው የዛምፊር ዋሽንትም ዐለቱን የሚተነፍስ ያስመስለዋል። አንድ ፊልም አከፋፋይ ይህን ሁሉ ካየ በኋላ መፍትሔ በሌለው ምሥጢር ጊዜዬ ጠፋ ብሎ ተቈጥቶ የቡናውን ስኒ በመጋረጃው ላይ እንደ ወረወረ ዊር ራሱ ተናግሯል።

ከሳሾቹ የሚሳሳቱት ፊልሙን እንቆቅልሽ ነው ብለው በመነሣታቸው ነው። የፊልሙ ነገር ልጃገረዶቹ የት ገቡ የሚለው አይደለም፤ የቀሩትስ እንዴት ይኖራሉ የሚለው ነው። ይህን ለመረዳት የእኛ ሰው ከማንም ይልቅ የቀረበ ይመስለናል። ዘመዱ የት እንደ ወደቀ ያላወቀ ቤተ ሰብ እርሙን ማውጣት አይችልም፤ መርዶ ካልተነገረው ድንኳን አይጥልም፤ በሩ በተንኳኳ ቍጥር ይደነግጣል። ከ1977 እስከ 1978 ዓ. ም. በቀይ ሽብር ልጆቻቸው ተወስደው የቀሩባቸው ብዙ ወላጆች የጅምላ መቃብሮች እስከ ተከፈቱበት እስከ 1991 ዓ. ም. ማግሥት ድረስ በዚህ ዐይነት ኖረዋል፤ ከዚያም በኋላ አጥንት ሳያገኙ የሞቱ አሉ። ለእነርሱ በሁለተኛው ሰዓት መጨረሻ ላይ መርማሪ መጥቶ ነገሩን አላስረዳላቸውም። ሁልጊዜ የሚፈታ ምሥጢር ብቻ የሚያሳየን ሲኒማ ይህን የሰው ዕጣ ከቶ አይነግረንም፤ እንዲያውም ገዳዩ ሲያዝ የሞተውን ያስረሳናል።

በዊር ፊልም ውስጥ ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጣሉ፤ ሳራ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ሞታ ትገኛለች፤ ዲሬክተሯም በመጨረሻ ሬሳዋ በዐለቱ ግርጌ እንደ ተገኘ ይነገረናል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ኢርማ ቀይ ካባ ለብሳ ጓደኞቿን ልትሰናበት ወደ ስፖርት አዳራሹ ስትገባ ልጃገረዶቹ ይከቡና እየጮኹ «ንገሪን!» እያሉ ያንገላቷታል። የምትነግራቸው ነገር የላትም። ስኒ የወረወረው ሰውዬ ይህን ትዕይንት እያየ ራሱን አለማወቁ ያስደንቀናል።

ይህን ስንል ጨለማና ጭጋግ ያሳየ ሁሉ ጠቢብ ነው ማለታችን አይደለም። ፍቺ ስላጣ ብቻ ዝም የሚልና ዝምታውን ጥልቀት ብሎ የሚሸጥ የፊልም ሠሪ ሞልቷል፤ በእርሱ ላይ ሁለት ስኒ ቢወረወር አንቃወምም። የምንለያቸው በዚህ ነው፦ በእርሱ ፊልም የጠፋው ሰው ቢጠፋም ባይጠፋም በማንም ላይ የሚለወጥ ነገር የለም።

መልስ ለሚሹ ደግሞ መልስ አለላቸው። ለፊልሙ መነሻ የሆነውን ልብ ወለድ በ1967 ዓ. ም. ያሳተመችው ጆአን ሊንድሴይ የልጃገረዶቹን መጨረሻ የሚተርክ ምዕራፍ ጽፋ ነበር፤ በአሳታሚዎቿ ምክር ወጣ፤ እርሷ በ1984 ካረፈች በኋላ በ1987 ዓ. ም. ለብቻው ታተመ። በዚያ ምዕራፍ ልጃገረዶቹ ወገብ አጥባቂ ልብሳቸውን ከገደሉ ላይ ይወረውሩታል፤ ልብሱም በመውደቅ ፈንታ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀዳዳ ይከፈትና ተራ በተራ ይገቡበታል፤ የኢርማ ተራ ሲደርስ ድንጋይ ወድቆ መንገዱን ይዘጋባታል። እነሆ ፍቺው! ቀዳዳውን ማን ከፈተው? ወዴትስ ያደርሳል? ከሳሾቻችን ይህን አንብበው አገራችን ተመለሰልን ይሉ እንደ ሆነ እንጠይቃቸዋለን። ምዕራፉን ያነበበ ሰው ወደ ፊልሙ ቢመለስ፣ ኤዲት ከኋላ እየተጣራች ሳለ ሚራንዳ አሁንም ሳትመልስላት ወደ ላይ ትወጣለች።