እማዬን ጨረር ነክቷታል ብለው ስኒዋን ለዩባት

ደብዳቤዋ የመጣችው ከጫንጮ ነው። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን እንዳላወጣ ለምናኛለች፤ ባትለምነኝም በዚህ ዓምድ የማንንም ስም አላወጣም። እንዲህ ትላለች፦

«እማዬ የማኅፀን በር ካንሰር ተገኝቶባት ጥቁር አንበሳ ጨረር ጀመረች። ወረፋው እስኪደርሳት ያየነውን እኛና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። የታዘዘላት 25 ቀን ነው፣ 11ዱን ጨርሳለች። ታዲያ አንዲት የእድር ጓደኛዋ ‹ጨረር የነካው ሰው ሌላውንም ያቃጥላል› አለቻት። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲፈላ ስኒዋ ለብቻ ሆነ። አባዬ አልጋ ለየ። የባሰው ደግሞ እሷ ራሷ ማድ ቤት መተኛት ጀመረች፤ የእህቴን ሕፃን እንኳ አታቅፍም። ካቋረጠች ይኸው ስድስት ቀኗ። ‹ልጆቼን ከምጨርስ እኔው ልሙት› ትላለች። እውነት ይተላለፋል ወይ?»

እህቴ፣ ፍሬ ነገሩን ላስቀድም፤ አይተላለፍም። እናትሽ ከሕክምና ክፍሉ ስትወጣ በገላዋም፣ በትንፋሿም፣ በላቧም፣ በጠጣችበት ስኒም ላይ ቅንጣት ጨረር የለም። ጋዜጣውን እዚህ ላይ አስቀምጪና ሕፃኑን ወስደሽ አሳቅፊያት። የቀረውን ስትመለሺ ታነቢዋለሽ።

መጣሽ? እሺ፣ አሁን ምክንያቱን እንይ።

ማታ አምፖል ስታበሪ ብርሃኑ ነጠላሽ ላይ ያርፋል። አምፖሉን ስታጠፊው ነጠላሽ ለብቻው ሲያበራ አይተሽ ታውቂያለሽ? የእናትሽም ነገር እንደዚሁ ነው። የራጅም ሆነ የኮባልት ጨረር የብርሃን ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ጉልበቱ ነው። ብርሃን ቆዳችን ላይ ሲቆም ይኼኛው ሥጋ አልፎ ይገባና የሴሉን የውስጥ መመሪያ ይሰብራል። ማሽኑ ሲዘጋ ግን ነገሩ አበቃ። በየቀኑ እየተመላለሱ የሚወሰደው ሕክምና ከውጭ የሚተኮስ ነው፤ ሰውነት ውስጥ የሚቀር ነገር የለውም።

ታዲያ ለምን 25 ቀን? አንዴ ሰጥተው አይገላግሏትም ወይ? ነገሩ ወዲህ ነው። ጨረሩ ካንሰሩንም ጤነኛውንም ሴል ይመታል። ጤነኛው ግን ሌሊቱን ራሱን ይጠግናል፤ ካንሰሩ በጥገና ሰነፍ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየመቱ ጤነኛውን ያተርፋሉ፣ ካንሰሩን ያደክማሉ። አሁን እናትሽ ማቋረጧ ለምን እንዳስደነገጠኝ ገባሽ? እረፍቱ ለካንሰሩም እረፍት ነው። በግማሽ መንገድ የተተወ ካንሰር መልሶ ያንሰራራል። ቅዳሜና እሑድ ታስቦበት የሚዘለል ነው፤ ስድስት ቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ሰኞ በጠዋት ካርዷን ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ቀን እንደቀረች ሳትደብቁ ተናገሩ፤ የጎደለውን እንዴት እንደሚያካክሱት ሐኪሞቹ ያውቁበታል። ወረፋው እንደገና ከሀ ይጀምራል ብላችሁ ፈርታችሁ ቤት አትቀመጡ።

እግረ መንገዴን አንድ ሌላ ወሬ ላስተካክል። ሐኪም ቤት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች «እሷ ብዙ ደቂቃ ቆየች፣ በጣም ተቃጠለች» ይባባላሉ አሉ። ኮባልት-60 በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ እያረጀ ሲሄድ ያንኑ መጠን ለመስጠት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል። ደቂቃው ረዘመ ማለት ጨረሩ በዛ ማለት አይደለም።

የሚተላለፍበት ጊዜ ጭራሽ የለም ብዬ ግን አልዋሽሽም። ለእንቅርት ካንሰር የሚዋጥ ጨረራማ አዮዲን አለ። እሱን የወሰደ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ለብቻው ይተኛል፤ ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር ይርቃል። ሽንቱና ላቡ ውስጥ ስለሚወጣ ነው። ይህንንም ሐኪም ቤቱ ራሱ ነው ቀን ቆጥሮ የሚያዘው እንጂ የእድር ጓደኛ አይደለችም። ለእናትሽ ምናልባት በመጨረሻው ላይ ምንጩን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ማኅፀኗ በር አስጠግተው የሚሰጡት ሕክምና ይታዘዝላት ይሆናል። እሱም ቢሆን ምንጩ ተመልሶ ይወጣል፤ ወደ ቤት ይዛው አትመጣም።

አባትሽን በተመለከተ፣ አልጋቸውን ይመልሱ። ግንኙነቱ ግን ለጊዜው ይቆይ፤ አካባቢው ስለሚቆስልና ሊደማ ስለሚችል የምትጀምርበትን ጊዜ ሐኪሟ ይንገራት። ካንሰሩም ቢሆን አይተላለፍም። ከበስተጀርባው ያለው ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ግንኙነት ከጀመረ ሰው አብዛኛውን በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚነካው ተራ ቫይረስ ነው። ማን አመጣው እያሉ ባልና ሚስት መወነጃጀል ከንቱ ድካም ነው። በአገራችን ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል፤ ታናሽ እህት ካለሽ ጠይቂላት።

እናትሽ ድካም፣ ተቅማጥ፣ ሽንት ሲመጣ ማቃጠል ሊያስቸግራት ይችላል፤ የጨረሩ ሥራ ነው፣ ለነርሷ ትናገር። የወር አበባዋም ይቋረጣል። ቆዳዋ ጠቆረ ብላችሁ ሳትጠይቁ ቅቤም ቅባትም አትቀቧት።

ደብዳቤዋ ጫፍ ላይ ደግሞ በሌላ ቀለም የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። «እጮኛዬ ለሥራ የደረት ራጅ ተነሣ። ጓደኞቹ ይመክናል አሉት። ላግባው?» ትላለች። ሳቄን መቻል አቃተኝ፤ ግን ወሬው ከየት እንደመጣ እገምታለሁ። እዚሁ ቃሊቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመረቀ ማዕከል አለ። የቆላ ዝንብ ያራባና ወንዶቹን በጨረር ያመክናል። የመከኑት ተለቀው ከዱር ሴቶች ጋር ሲገናኙ ዘር አይወጣም፤ ከብት የሚጨርሰው የገንዲ በሽታ በዚያው መጠን ይቀንሳል። መርዝ ሳይረጭ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው «ጨረር ያመክናል» ቢል አይፈረድበትም። ግን ዝንቡ የሚያገኘው መጠን ከአንድ የደረት ራጅ ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ነው። አንድ ማንኪያ ጠላና አንድ ጋን አረቄ አንድ ናቸው እንደማለት ነው።

መለኪያው ሚሊሲቨርት ይባላል። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከዓለት፣ ከምግብና ከሰማይ በአማካይ በዓመት 2.4 ያህል ያገኛል። የደረት ራጅ ከ0.1 አይበልጥም፣ የሁለት ሳምንት የተፈጥሮ ድርሻ ቢሆን ነው። እንዲያውም ጫንጮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ከሰማይ የሚወርደው ጨረር ከጅቡቲ ሰው ይልቅ እናንተን ነው የሚያገኛችሁ። ስንት ልጅ እንደተወለደባትም አንቺ ታውቂያለሽ። ሲቲ ስካን ግን ሌላ ነው፤ የሆድ ሲቲ እስከ 10 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። ሐኪም ካላዘዘ «ለማንኛውም ልታይ» ተብሎ የሚገባበት አይደለም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የወር አበባዋ የዘገየባት ሴት ደግሞ ራጅ ክፍል ከመግባቷ በፊት አፏን ሞልታ ትናገር። ልጁን አግቢው፤ ሌላ ጥፋት ከሌለበት።

ሰሞኑን የሰፈር ጎረምሶች ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫም ይጠይቁኛል። መስከረም 2018 ዓ.ም ላይ መንግሥታችን ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር ለግንባታው የሚሆን የሥራ ዕቅድ ሞስኮ ላይ ተፈራርሟል። ነገሩ በአጭሩ ውኃ የማፍላት ሥራ ነው፤ ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ይግላል፣ ውኃው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል። ነዳጁ ስስ ስለሆነ እንደ ቦምብ አይፈነዳም። ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ቼርኖቤል፣ በ2011 ፉኩሺማ የደረሰው ደርሷል፤ ጥንቃቄው ቀልድ አይወድም። እኔን ከጠየቃችሁኝ አልቃወምም። ከዚያ በፊት ግን ለእናቶቻችን የጨረር ሕክምና ማሽን ቢበዛ ደስ ይለኛል።

በእውነት የምፈራው ጨረር የትኛው እንደሆነ ልንገራችሁ? ቆራሌው ጆንያ ውስጥ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ብራዚል፣ ጎያኒያ ከተማ፣ ሁለት ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ የጨረር ማሽን ፈትተው ብረቱን ለቆራሊዮ ሸጡት። ውስጡ ያለው የሲዚየም ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ሲያበራ ቤተሰብና ጎረቤት ተጠራርቶ አየው፣ ተካፈለው፣ ገላው ላይ ቀባው። 249 ሰዎች ተበከሉ፣ አራቱ ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እዚያ እውነትም ከሰው ወደ ሰው ተላልፏል፤ ምክንያቱም ዱቄቱ ራሱ በእጅና በልብስ ይዞር ነበርና። በአገራችን የጨረር ምንጭን የሚቆጣጠር አዋጅ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አለ። ቢሆንም ዓይናችሁን ግለጡ። በቢጫ ላይ ሦስት ክንፍ ያለው የማራገቢያ ዓይነት ምልክት የተለጠፈበት፣ ለመጠኑ ከሚገባው በላይ የሚከብድ ብረት ካጋጠማችሁ አትክፈቱት፣ አታንሡት፣ ለቆራሌውም አትሽጡት። ሰው አርቁና ፖሊስ ጥሩ።