የአፈር ግድቡና ከበላዩ ያለው ተራራ

በሰሜን ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የክረምቱ ዝናብ ከሁለት እስከ ሦስት ወራት ባለው ጊዜ ውስጥ ጠቅልሎ ይወርዳል። ይህን ውኃ ይዞ ለበጋ ማቆየት ካልተቻለ ጎርፉ ማሳውን አጥቦ ይሄዳል፤ አርሶ አደሩም እስከሚቀጥለው ክረምት ሰማይ ሰማይ ያያል። በትግራይ ክልል ትንንሽ የአፈር ግድቦች እንዲስፋፉ ያደረገውም ይኸው ነው።

በ1987 ዓ.ም ገደማ ሥራውን የጀመረው የክልሉ ዘላቂ ግብርናና አካባቢ ማገገሚያ ኮሚሽን በአሥር ዓመታት ውስጥ 500 ግድቦችን ሠርቶ 50 ሺህ ሄክታር በመስኖ ለማልማት አቅዶ ነበር። በአሥር ዓመቱ የተሠሩት ግን ሃምሳ ያህል ናቸው። ብዙዎቹ ከ100 ሺህ እስከ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዙ የታቀዱ ሲሆኑ፣ የቁጥሩ ማነስ ሲነገር ቢቆይም ዋናው ጥያቄ የተሠሩት ስንት ዓመት ያገለግላሉ የሚለው ነው።

የግድቡ አካል ተጠቅጥቆ የተደለደለ አፈር ነው። ይህ ክፍል በአግባቡ ከተሠራ ለረጅም ጊዜ ይቆማል። ቀድሞ የሚያልቀው ግድቡ ሳይሆን ውኃው የሚተኛበት ቦታ ነው። ሐምሌ ላይ የሚገባው ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል፤ አፈሩ ይሰክናል፤ በየዓመቱ ለውኃው የሚተርፈው ስፍራ ይጠብባል። በዲዛይን ወቅት የደለሉ መጠን አነስ ተደርጎ በመገመቱ በርካታ ግድቦች ከታሰበላቸው ዕድሜ ቀድመው እየሞሉ መሆናቸውን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ደለሉ ደግሞ ከሌላ አገር የመጣ አይደለም። ከበላይ ያለው ገበሬ ማሳ ነው።

ጉዳዩ የምሕንድስና ብቻ የማይሆነውም እዚህ ላይ ነው። ከግድቡ በላይ ያለው ነዋሪ ተዳፋቱን እንዲከልል፣ እርከን እንዲሠራ፣ ከብቱን ከግጦሽ አውጥቶ አጭዶ እንዲቀልብ ይጠየቃል። ውኃው ግን ቁልቁል ይወርዳል፤ ሽንኩርትና ቲማቲም አምርቶ ገበያ የሚወጣውም የታችኛው ነዋሪ ነው። መሬቱ በውኃ የተዋጠበት ሦስተኛ ወገንም አለ። የላይኛው ነዋሪ ድርሻ ካላገኘ የተከለለው ተራራ ሳይነካ ይቆያል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የመስኖውን ተራ በመደልደል ረገድ በመንደሩ ተመርጠው የሚሠሩት «አቦ ማይ» የተባሉት የውኃ አባቶች ተሰሚነት አላቸው፤ ሥልጣናቸው ግን ከቦዩ አያልፍም፣ ተራራው ላይ አይደርስም።

ሌላው ዋጋ በጤና የተከፈለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በክልሉ በግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድቡ ራቅ ብለው ከሚኖሩት በሰባት እጥፍ ገደማ በወባ እንደሚጠቁ አሳይቷል። ግድብ ሲታቀድ አጎበርና ኬሚካል ርጭት የበጀቱ አካል ሊሆኑ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ስርገት ግን እንደ ደለሉ ሁሉ ኪሳራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በመቀሌ አካባቢ የኖራ ድንጋዩ ስንጥቃት ስላለው ከአንዳንድ ግድቦች ውኃው ሾልኮ ይወጣል። ማጠራቀሚያው ባዶ ሲቀር መሐንዲሱ ሥራው ከሸፈ ይላል፤ ከታች ያለው ገበሬ ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ያንኑ ውኃ ቀድቶ ያጠጣል። በሪፖርት ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» ተብሎ የተመዘገበ ግድብ ከሥሩ ያሉትን ጉድጓዶችና ምንጮች ሳይቆጥር የተመዘነ ሊሆን ይችላል።