ለፕሮግራም ጸሐፊውም ስሙ ይጠቀስለት

ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሲያስረክብ ያነበበውን መጽሐፍ ሁሉ ከነደራሲው፣ ከነታተመበት ዓመትና ከነገጹ ይዘረዝራል። ይህን ያልፈጸመ እንደ ሌባ ይቈጠራል፤ መቈጠሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ስሌቱን ሁሉ ያከናወነለትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማን እንደ ጻፈው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ቢያልፍ የሚጠይቀው የለም። እኛ ይህን አድልዎ እንለዋለን።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጉድለቱን አስቀድመው ተገንዝበውታል። ሮበርት ኔሚሮፍና ጆን ዋሊን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1999 የአስትሮፊዚክስ ፕሮግራሞችን መዝገብ አቋቋሙ። ለምርምር የዋለ ፕሮግራም በዚያ ከነጸሐፊው ስም ይሰፍራል፤ የራሱም መለያ ቍጥር ይሰጠዋል። ሌላው ተመራማሪ በዚያ ቍጥር ሲጠቅሰው የናሳ የሥነ ፈለክ ጽሑፎች ማውጫ እንደ ማንኛውም ጥናት ይቈጥርለታል። ዛሬ በመዝገቡ ከ3,000 የሚበልጡ ፕሮግራሞች አሉ።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም የታየው የጥቁር ጉድጓድ ምስል እንደ ተራ ፎቶግራፍ የተነሣ አይደለም። ሰባት ቴሌስኮፖች በ2017 የሰበሰቡትን የሬዲዮ ሞገድ ወደ ምስል የለወጡት ፕሮግራሞች ናቸው። አራት ቡድኖች ተለያይተው ሠርተው ተመሳሳይ ቀለበት ስላገኙ ውጤቱ ታመነ፤ መረጃውና ፕሮግራሞቹ ይፋ ስለ ሆኑም ሌላው ሊመረምረው ቻለ። ፕሮግራሙ የተሰወረ ውጤት ግን «እመኑኝ» ከማለት አያልፍም፤ ሳይንስም በእመኑኝ አይሄድም።

«ኮዴ የተዝረከረከ ነው፤ ባሳየው አፍራለሁ» የሚሉ አሉ። ውጤቱን ለማሳተም ያላፈረ ሰው የመጣበትን መንገድ ለማሳየት ለምን ያፍራል? «ይሰርቁኛል» ለሚሉም መልሳችን አጭር ነው፤ ስምና ቀን ያለበት መዝገብ ከስርቆት ይጠብቃል እንጂ ለስርቆት አያጋልጥም።

በእኛም መካከል ጓደኞቻችን ወራት የደከሙበት ፕሮግራም ከምረቃ በኋላ ከላፕቶፑ ጋር ሲጠፋ፣ ተከታዩም ተማሪ ያንኑ ሥራ ከሀ ሲጀምር አይተናል። ይህ ድካም ለማን ጠቀመ?

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። መምህራኖቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀበሉ የፕሮግራሙን ስም፣ ጸሐፊውንና እትሙን ይጠይቁ። እኛ ተማሪዎችም ለታተመ የሥነ ፈለክ ምርምር የዋለውን በዚያ መዝገብ፣ ሌላውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በተከፈተው በዜኖዶ እናስመዝግብ፤ ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ የራሳችንንም ወርቅ አፈር አናልብሰው።