ከኋላ የተሰቀለው ሸራ

እንግሊዝኛ ተምረን በአማርኛ የምንጽፍ ወጣቶች ከምንወዳቸው ቃላት አንዱ «ባክድሮፕ» የሚባለው ነው። ሲነገር የተማረ ሰው ስለሚያስመስል በፈተና ወረቀትም በመሥሪያ ቤት ሪፖርትም አዘውትረን እናስገባዋለን። ለመሆኑ ትርጉሙን በሚገባ አውቀነዋልን?

ቃሉ የቴአትር ቤት ልጅ ነው። «ባክ» ማለት ኋላ ሲሆን «ድሮፕ» ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚለቀቅ ጨርቅ ነው። ስለዚህ ባክድሮፕ ማለት ደን ወይም ቤተ መንግሥት ተሥሎበት ከመድረኩ በስተኋላ የሚንጠለጠል ሸራ ነው። በፎቶግራፍ ቤትም ከተነሺው ጀርባ የሚሰቀለው ሥዕል ይኸው ነው። ከመድረኩ ፊት የሚዘረጋው ግን በዚህ ስም አይጠራም፤ ፒካሶ እ.ኤ.አ. በ1917 «ፓራድ» ለተባለው የባሌ ትርኢት የሣለው ዝነኛ መጋረጃ የፊት እንጂ የኋላ አልነበረም።

ከጎረቤቱ ከ«ባክግራውንድ»ም መለየት ይገባዋል። የአንድ ሰው ትምህርትና አስተዳደግ ባክግራውንድ ይባላል፤ ባክድሮፕ ግን አይባልም። የእንጦጦ ተራራ ለአዲስ አበባ ባክድሮፕ ነው ብንል ግን አልተሳሳትንም፤ ከከተማይቱ ኋላ ቆሞ ይታያልና።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ከመድረክ ወርዶ ወደ ጋዜጣና ወደ ታሪክ መጽሐፍ ገባ። አንድ ነገር በሌላው ባክድሮፕ ላይ ተፈጸመ ማለት የተለመደ ሆነ። የኛ ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሸራ አይናገርም፤ አይራመድም፤ ተዋናዩንም አይገፋም። እንግዲህ አንድ ተማሪ «የ1966ቱ አብዮት በወሎ ረሃብ ባክድሮፕ ላይ ፈነዳ» ብሎ ቢጽፍ ምን ነገረን? ረሃቡ ምክንያት ነበር ማለቱ ነው ወይስ እንዲያው በዚያ ዘመን የነበረ ነገር? በጥር የነገሌ ቦረና ወታደሮች በምግብና በውሃ ችግር አመፁ። በየካቲት የቤንዚን ዋጋ መጨመር ባለታክሲዎችን፣ አዲሱ የትምህርት ዕቅድም መምህራንን ሥራ አስቆመ። የረሃቡ መሸሸግ ሲገለጥ ደግሞ መንግሥቱን ከብዙ ሰው ዓይን አወረደው። ይህ ሁሉ ገፊ ኃይል ነው እንጂ የተሣለ ጨርቅ አይደለም።

የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችንም ቃሉን «ዳራ» ብለው ቢተረጕሙት ችግሩ አይቀርም። «በዋጋ መናር ዳራ ላይ ሥራው ዘገየ» የሚል ሪፖርት የደረሰው አለቃ ምን ብሎ ይወስን? አማርኛችን ግን ለዚህ የተሳሉ መሣሪያዎች አሉት። «ዋጋ ስለ ናረ ዘገየ» ብንል ምክንያቱን ተናግረናል። «ዋጋ በናረበት ወራት ዘገየ» ብንል ጊዜውን ብቻ ተናግረናል። «ዋጋ ቢንርም አልዘገየም» ብንል ደግሞ የሠራተኛውን ጥረት መስክረናል። ሦስቱም የተለያዩ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱን የመረጠ ጸሐፊም ለቃሉ ኃላፊ ይሆናል። ባክድሮፕ የሚወደደው ይህን ኃላፊነት ስለሚያስቀር ይመስለናል።

ስለዚህ ቃሉን ለመድረክና ለፎቶግራፍ ቤት እንተውለት እንላለን። የተራበ ገበሬና ደመወዙ ያልበቃው ሠራተኛ በጽሑፋችን ውስጥ ከኋላ የተሰቀለ ሥዕል ሆነው እንዳይቀሩ፣ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት «ምን ምንን አመጣ?» ብለን እንጠይቅ።