አንዲት አዲስ ነርስ ስንት አረጋውያንን ትይዛለች? የተሻረው የአሜሪካ ደንብ የተወው ክፍተት

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ በተለምዶ ነርሲንግ ሆም የሚባለው የአረጋውያን መንከባከቢያ ወደ ጤና ሙያ መግቢያ በር ነው። ብዙዎች በረዳትነት ይጀምራሉ፤ የፌደራሉ ሕግ ለዚህ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ከዚያ ኤልፒኤን የሚባለው የነርስነት ፈቃድ፣ በመቀጠልም ከፍ ያለው አርኤን ይከተላል። ሆስፒታሎች ልምድ ያለውን ስለሚመርጡ፣ ፈቃዷን ትናንት ያገኘች ነርስ ብዙ ጊዜ የምትቀጠረው እዚያው አረጋውያኑ ዘንድ ነው።

በእነዚህ ማዕከላት አንዲት ነርስ በአንድ ፈረቃ 30 ነዋሪዎችን መያዟ እንግዳ ነገር አይደለም። ስምንት ሰዓት ለ30 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 16 ደቂቃ ይደርሰዋል። መድኃኒት ከታዘዘበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይሰጥ ከተባለ ደግሞ፣ ለአንድ ሰው የሚተርፈው አራት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚህች አራት ደቂቃ ውስጥ ማንነትን ማረጋገጥ፣ የደም ግፊትና ስኳር መለካት፣ መዋጥ ለሚቸገሩት ክኒን መፍጨት፣ ሁሉንም መመዝገብ አለ። አንድ አዛውንት ወድቀው ቢገኙ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። የቆየች ነርስ ማንን ማስቀደም እንዳለባት ቶሎ ትለያለች። አዲሷ ግን ይህን የምታውቀው ከሚያሳያት ሰው ነው።

የጆ ባይደን አስተዳደር እ.አ.አ. በ2024 ያጸደቀው ደንብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲሰጥ፣ ከዚህም ውስጥ 33 ደቂቃው በአርኤን እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ለአዲስ ነርስ ይበልጥ ትርጉም የነበረው ግን ሌላው አንቀጽ ነው፤ አንድ አርኤን ቀንም ሌሊትም ከሕንፃው እንዳይጠፋ ይጠይቅ ነበር። የማዕከላቱ ባለቤቶች ማኅበር ከሰሰ፤ በ2025 የቴክሳስ ፌደራል ዳኛ ደንቡን ሻሩት። ኮንግረስ በዚያው ዓመት ሐምሌ ተፈጻሚነቱን እስከ 2034 አገደው። በዓመቱ ማብቂያ መንግሥት ራሱ ሰረዘው።

የተቃዋሚዎቹ ክርክር መሠረተ ቢስ አይደለም። ወጪው በአሥር ዓመት ውስጥ ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚሆን መንግሥትም ገምቶ ነበር፤ በገጠር አካባቢ ነርስ ማግኘትም ከባድ ነው። ይሁን እንጂ እጥረቱ ራሱ በከፊል የጫናው ውጤት ነው። ነርሷ በጥቂት ወራት ውስጥ ስትለቅ፣ የእሷን 30 ሰዎች የምትረከበው ሌላ አዲስ ነርስ ናት።

አሁን በፌደራል ደረጃ የቀረው የ1987ቱ ሕግ ነው። እሱ ደግሞ አርኤን በቀን ለተከታታይ ስምንት ሰዓት መገኘቷን ብቻ ይጠይቃል። በቀሩት 16 ሰዓታት ኃላፊነቱ በአንዲት ጀማሪ ኤልፒኤን ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ስትጠራጠር ያላት አማራጭ ሐኪም በስልክ መቀስቀስ ነው። ሰው ለመቀስቀስ የሚያፍር ጀማሪ ደግሞ ጥቂት አይደለም።

የቀረው ለግዛቶች ተትቷል፤ ልዩነታቸውም ሰፊ ነው። ዲሲ በቀን ለአንድ ነዋሪ 4.1 ሰዓት ስታዝዝ፣ ሜሪላንድ 3 ሰዓት፣ ቨርጂኒያ ከ2025 ጀምሮ 3.08 ሰዓት ይጠይቃሉ። በአንድ ከተማ ዙሪያ የምትኖር ነርስ ድልድይ በተሻገረች ቁጥር የሥራ ጫናዋ ሊለወጥ ይችላል ማለት ነው።

ሆኖም እነዚህ አሐዞች የቀኑ አማካይ ናቸው፤ ማለዳ ላይ የተጨናነቀው ኮሪደርና የሌሊቱ ጭርታ አንድ ላይ ይደመራሉ። ከሁሉም በላይ፣ ኦሪየንቴሽኗን ትናንት የጨረሰች ነርስ ስምንት ሰዓትና የአሥር ዓመት ልምድ ያላት ነርስ ስምንት ሰዓት በመዝገቡ ላይ እኩል ናቸው። የተሻረውም ደንብ ቢሆን ይህን አልለየም።

በዚህ መስክ ሥራ የሚፈልጉ አንባቢያን፣ ሜዲኬር በድረ ገጹ ላይ የእያንዳንዱን ማዕከል የሠራተኛ ሰዓት፣ የቅዳሜና እሑዱን ለብቻ ጭምር፣ እንዲሁም በዓመት ምን ያህል ነርሶች እንደሚለቁ ይፋ ያደርጋል። ውል ከመፈረም በፊት የሌሊቱን ፈረቃ ከማን ጋር እንደሚሠሩ መጠየቅም ይቻላል።